ልጅቷ ከወደቡ ላይ ምን አለች?

ሰው በገዛ ዓይኑ ባየው ነገር የሚጣላውን ያህል በወሬ በሰማው አይጣላም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከትዳር ነው። እኔና ባለቤቴ ሐዋ አንድ ሰርግ ተጠርተን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ከአንድ ትሪ በልተን ወደ ቤት ስንመለስ ሁለት ሰርግ አይተን ነው የምንመለሰው። እሷ ያየችው ሙሽራዋ ያለቀሰችበትን ነው። እኔ ያየሁት ሥጋው ያለቀበትን ነው። ማን ዋሸ? ማንም። ዓይን የሚያየው ልብ የላከውን ነው፤ የእኔን ልብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚልከው ሆዴ ነው።

ፊልምም እንደ ሰርግ ነው። አንድን ፊልም አሥር ሰው ካየው አሥር ፊልም ነው። እዚህ ላይ ከናንተ መካከል አንዱ «አሁን ደግሞ ፊልም ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» እንደሚል ይገባኛል። የዛሬ ልጆች ፊልሙን በስልካቸው፣ እየበሉ፣ እየሄዱ፣ ግማሹን እየዘለሉ ነው የሚያዩት። ሲዲ ስታሳዩዋቸው «ይሄ የባጃጅ ጌጥ አይደል እንዴ?» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ማሽላው ፍሬ በያዘ ሰሞን ከወልድያ ወደ መርሳ ስትወርዱ፣ ሲሪንቃን አለፍ እንዳላችሁ፣ ገበሬው በክር አንጠልጥሎ ወፍ የሚያባርርበት ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ በዘመኑ ፊልም ነበር። ስንቱ ጀግና፣ ስንቱ አፍቃሪ፣ ስንቱ ካራቲስት ዛሬ ወፍ ጠባቂ ሆኖ ቀርቷል! ወፎቹም በእውነት ይሸሻሉ። ምናልባት መጨረሻውን አይተውት ይሆናል።

በእኛ ቤተሰብ ግን ከማሽላ የተረፉ ሦስት ሲዲዎች አሉ። ሦስቱም ላይ ያለው አንድ ፊልም ነው። ሦስቱም ግን አንድ አይደሉም። ባለፈው ዓመት አረፋ ሰሞን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናወዳድር ቤተሰቡ ሊበተን ምንም አልቀረው፤ እንዲያውም የተሰበሰበው ያኔ ነው። ልንገራችሁ።

ፊልሙ ልጅ አዋቂ ሳይል ቤተሰብ ሁሉ አብሮ የሚያየው ዓይነት ነው። አባት፣ እናት፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ልጅ፣ ነገረኛ ትንሽ ወንድምና አንድ ውሻ በጀልባ ሲሄዱ ማዕበል ይነሳና ጀልባቸው ይሰበራል። ከማያውቁት አገር ይጣላሉ። ከዚያ በኋላ ጫካ ነው፣ ወንዝ ነው፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፣ አውሬ ነው። በመንገድ ልጅቷ ታማ ልትሞትባቸው ስትል የዚያ አገር ሰዎች አስታመው ያድኗታል። በመጨረሻ የሚወስዳቸው መርከብ ይገኛል። ሁሉም ሲሳፈሩ ልጅቷ ግን ከአዳኞቿ ጋር ለመቆየት ወስና ወደቡ ላይ ትቀራለች። መርከቡ ሲርቅ እጇን እያውለበለበች አንድ ነገር ትጮኻለች። ፊልሙ ያልቃል። የእኛ ፊልም የጀመረው ግን ከዚያ ነው፤ «ልጅቷ ምን አለች?» ከሚለው።

የመጀመሪያው ሲዲ የእኔ ነው። ወልድያ ከተማ አስፋልት ዳር በላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥ ክምር ውስጥ የመረጥኩት ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ «ያለ ትርጉም ነው የማየው» ብዬ ተኩራርቼ ነበር የገዛሁት። ቤት ሄጄ ስከፍተው ለካ አንድ ሌባ ባሕር ማዶ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ካሜራውን በጉያው ደብቆ የቀረጸው ነው። ከታች በቀኝ በኩል የአንድ ራሰ በራ ሰውዬ ጭንቅላት አለ። ፊልሙን በሙሉ ከእኛ ጋር ነው የሚያየው። ሰው ሲስቅ ይወዛወዛል፣ አውሬ ሲመጣ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር፤ እያደር ግን ለመድኩት። አሁን ያለ እሱ ሳየው አንድ የቤተሰብ አባል የጎደለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የአማቴ የእማ ሩቅያ ነው። እማ ሩቅያ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ማንጎና ብርቱካን ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ከመደባቸው ጎን የሰይድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ሰይድ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ የውጭ ፊልም በራሱ ድምፅ በአማርኛ እየተረጎመ በሲዲ ያባዛል። ስሙ ከመርሳ አልፎ እስከ ሐራ ይታወቅ ነበር። የሰይድ እንግሊዝኛ ከእኔ ዓረብኛ አይሻልም፤ እኔ ደግሞ ዓረብኛ የማውቀው ሰላምታና ምርቃት ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ቀን አፉ ተይዞ አያውቅም። የፊልሙ አባት ካርታ ዘርግቶ ስለ ነፋስና ስለ ኮከብ ረጅም ንግግር ሲያደርግ ሰይድ «አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል» ብሎ ይገላግለዋል። ልጅቷን ዘሀራ ብሏታል፣ ውሻውን ቡቺ። በረዷማው ተራራ ሲመጣ «እህህ፣ ይኼማ አምባሰልን ያስንቃል» ይላል፣ ከራሱ ጨምሮ። ባልና ሚስቱ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ፊልሙ ቀጥ ይልና የጽጌረዳ ሥዕል ይመጣል፤ ሥዕሉ ሲሄድ ባልና ሚስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ እንጨት ይሰብራሉ። ከበስተጀርባ ደግሞ ዶሮ ይጮኻል፣ አዛን ይሰማል፣ የመኪና ረዳት «ወልድያ! ወልድያ! የሞላ!» ይላል። ማዕበሉ መካከል ማለት ነው። ሰምጠው ሊሞቱ ለደረሱ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምን ጥሪ አለ?

ጦርነቱ ሲመጣ የሰይድ ቪዲዮ ቤት ወንበሩ ሳይቀር ባዶውን ቀረ። እሱም ሲረጋጋ ተመልሶ ባጃጅ ነጂ ሆነ። ያን ትርጉም የያዘች አንዲት ሲዲ የተረፈችው እማ ሩቅያ ወደ ገጠር ዘመዳቸው ሲሸሹ ከዱቄቱና ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልለው ስለወሰዷት ነው። ሐዋ «እማዬ፣ መብራት በሌለበት አገር ሲዲ ምን ያደርግልሻል?» ብትላቸው፣ «ታዲያ እዚህ ከማን ጋር ልተዋት?» አሉ።

ከማን ጋር ልተዋት። እንደ ሰው።

ሦስተኛው ሲዲ ከጅዳ የመጣው ነው፤ ያመጣችው ከድጃ ናት። ከድጃ የሐዋ ታናሽ እህት፣ የእማ ሩቅያ የመጨረሻ ልጅ ናት። የእኛን ወረዳ፣ የሀብሩን ልጆች መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጉ ብትባሉ ደክሟችሁ ትመለሳላችሁ። ከድጃ የሄደችው ሰይድ ፊልሙን ከመተርጎሙ በፊት ነው። ሁለት ዓመት ሠርታ ልትመለስ ነበር የሄደችው። ሁለቱ አራት ሆነ፣ አራቱ ረዘመ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ለበዓል ለበዓል ሆነ። ደውላም የምታወራው ስለ አየር ጠባይ ነው። እናትየዋም የሚመልሱት ስለ ማንጎ ነው። ሐዋ ስልኩን ከጎን ሆና ስትሰማ ትቆይና «እነዚህ ሰዎች ተኳርፈው ነው ወይስ ተፋቅረው?» ትለኛለች። እኔ እንጃ። ከፍቅርም ከኩርፊያም የሚመጣ ዝምታ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው።

ባለፈው አረፋ ግን ከድጃ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ መጣች። ለሁሉም ስጦታ ይዛለች፤ ለእኔ እንኳ ሽቶ፣ ተማሪዎቼ እስኪያስነጥሳቸው ድረስ የሚሸት። ለእናቷ ካመጣችው መካከል ደግሞ በሥዕል ባማረ ማኅደር የተቀመጠ አንድ ሲዲ ነበረ። ያሳደገቻቸው የአሠሪዎቿ ልጆች ትልልቅ ሲሆኑ «አብረን ያየነው ነው፣ ውሰጂው» ብለው የሰጧት ነው። ሐዋ ማኅደሩን ገና ስታየው «እማዬ! ይኼ እኮ የዘሀራ ፊልም ነው!» ብላ ጮኸች። እማ ሩቅያ ሳጥናቸውን ከፍተው የእሳቸውን አወጡ። እናትና ልጅ በባሕር ተለያይተው፣ ያን ሁሉ ዘመን ስለ አየር ጠባይና ስለ ማንጎ እያወሩ፣ ለካ አንድ ፊልም ሲያዩ ኖረዋል።

ወዲያው ውድድር ይደረግ ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ እኔ የራሴን ሲዲ ይዤ ከወልድያ እንድመጣ ታዘዝኩ። ሐዋ በሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዬን ይዛ ያሰበችውን ነገረችኝ። የከድጃ ፈቃድ ማለቁ ነው፤ ሻንጣዋ ግማሹ ታጥፎ ገብቷል። እናትየዋ «ትሄጃለሽ?» ብለው አልጠየቁም፤ ልጅቷም አልተናገረችም። «አንተ የውጭ ሰው ነህ፣ አንተ ጠይቅልን» አለችኝ። አሥራ ምናምን ዓመት ያገባኋት ሴት የውጭ ሰው የምታደርገኝ ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። እሺ አልኩ። ላለመጠየቅ ደግሞ በሆዴ ቆርጬ ነበር። በሰው ቤት ቁስል ላይ ጣት የሚያስገባ አማች ምሳ አያገኝም።

ሰይድም ተጠርቶ መጥቶ ነበር፣ እንደ ተከሳሽ በር አጠገብ ተቀምጦ። ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ዴኩ ዳንቴሉ ተገፎለት ከነአቧራው ወጣ። መጀመሪያ አልነሳ አለ። ሰይድ በመዳፉ ጎኑን መታ ሲያደርገው የድሮ ጌታውን እንዳወቀ በቅሎ ተነሳ። ሲዲዎቹ በትንፋሽና በሸሚዝ ጫፍ ተወለወሉ። ከዚያ እያፈራረቅን ማየት ጀመርን።

በሥዕል ጥራት የከድጃው ያለ ጥርጥር አንደኛ ነው። የውሻው ጠጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሰይድ ሲዲ ሰዎቹ ሁሉ እንዳልበሰለ ፓፓያ አረንጓዴ ናቸው፤ በእኔው ደግሞ ዘወትር መሽቷል። የከድጃው በዚያ ላይ ትርፍ አለው፤ ከፊልሙ ተቆርጠው የቀሩ ትዕይንቶች ለብቻቸው ተጭነዋል። እማ ሩቅያ ይኼ ሲብራራላቸው ግራ ገባቸው። «ከሆነ ለምን ቆረጡት? ካልሆነስ ለምን ያሳዩናል?» አሉ።

በጨዋታ ደረጃ ግን ሰይድን የሚያህል አልተገኘም። ከድጃ የሰይድን ትርጉም ሰምታ ስለማታውቅ ያቺ ፈረንጅ እናት ጫካ ውስጥ ቁጭ ብላ «ወላሂ ጉልበቴ ከዳኝ» ስትል ሳቋ ገንፍሎ ከፍራሹ ላይ ወደቀች። እንዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እማ ሩቅያ ቴሌቪዥኑን ትተው እሷን ያያሉ። እኔም ሁለቱን አያለሁ። ጽጌረዳው ሲመጣ ሰይድ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ከድጃ «አንተ፣ የእኔኮ ላይ ጽጌረዳ የለም!» አለችው፣ የባሰ ደፋ።

እንዲህ እየሳቅን መጨረሻው ላይ ደረስን። በሰይድ ሲዲ መርከቡ ይርቃል፣ አረንጓዴዋ ልጅ እጇን ታውለበልባለች፣ የሰይድ የጎረምሳነት ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። «እናቴ ሆይ፣ ሐሳብ አይግባሽ! ሥራዬን ጨርሼ፣ አላህ ካለ፣ ተመልሼ እመጣለሁ! ጠብቂኝ!»

እማ ሩቅያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው አሉት። ዱዓ ይመስል ነበር።

«እንዲህ አትልም» አለች ከድጃ።

«ማን?»

«ልጅቷ። እንዲህ አትልም እማዬ።» ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። ተነስታ የራሷን ሲዲ ከተተችና መጨረሻውን አመጣችው። የእሷ የሚናገረው በዓረብኛ ነው። ልጅቷ እጇን እያውለበለበች አንድ ነገር ጮኸች። ከድጃ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ ተረጎመችው። «ከእንግዲህ ቤቴ እዚህ ነው፣ አትጠብቁኝ። ይኼን ነው የምትለው።» ቀጥላም «ልጆቹ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ እኔ ወደ ማድ ቤት እሄድ ነበር» አለች።

አያችሁ? ከባሕሩ ወዲህ እናት፣ ከባሕሩ ማዶ ልጅ። አንዷ በአማርኛ ስትጠብቅ፣ ሌላዋ በዓረብኛ ተስፋ ስትቆርጥ ኖራለች። አንድ ፊልም!

እማ ሩቅያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህሩ፣ ፊልሙ ከሥሩ የእንግሊዝ አይደል? እስቲ አንተ ፍረደን። ምን አለች?»

የእኔ ሲዲ ገባ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሲዲዬን ጥራት በልቤ እየለመንኩ ነበር፤ አላሳፈረኝምም። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል ያ ራሰ በራ ሰውዬ ፊልሙ ያለቀ መስሎት ተነስቶ ቆመ። አልበቃ ብሎት በረጅሙ ሳለ። ልጅቷም አልታየች፣ ቃሏም አልተሰማ። «አልሐምዱሊላህ» ልል ምንም አልቀረኝም።

ግን ሰይድ አለ። «የከድጃው ላይ እኮ እንግሊዝኛውም ተደርቦ ይኖራል፤ ቋንቋው ይቀየራል» ብሎ ዴኩ ፊት ተንበረከከ፣ ቁልፎቹን ነካካ፣ ነካካና አገኘው። አንዳንድ ሰው ሲከሰስም አርፎ አይቀመጥም። መርከቡ ራቀ። ልጅቷ እጇን አውለበለበች። በራሷ ድምፅ፣ በራሷ ቋንቋ ጮኸች። ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ሁሉም ያዩኛል። ሐዋ በዓይኗ «እመለሳለሁ ብላለች በል» እያለችኝ ነው። ሰይድም በዓይኑ እንዲሁ። ከድጃ ግን አታየኝም፤ ጥግ ያለውን ሻንጣዋን በእጇ ይዛ እጀታውን ነው የምታየው። ልዋሽ እችል ነበር፤ ለደግ ነገር የሚዋሽ ውሸት በእኛ አገር ኃጢአቱ ቀላል ነው። ዳሩ ግን እውነቱ ከውሸቱ ይልቅ የማይታመን ስለነበር አፌን አመለጠኝ።

«'ውሻውን ማብላት እንዳትረሱ' ነው ያለችው።»

መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው። ከዚያ ሐዋ። ከዚያ እኔ። ያን ሁሉ ዘመን እናትና ልጅ የተካፈሉት ትልቁ ቃል የውሻ ምሳ ሆኖ ቀረ! እማ ሩቅያ ግን አልሳቁም።

«ልክ ናት» አሉ።

«ምኑ ነው ልክ እማዬ?» አለች ሐዋ።

«እንዲህ ነዋ የሚባል። ስንብት ላይ ትልቁ ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የሚወጣው ትንሹ ነው።» ወደ ከድጃ ዞሩ። «አንቺ ያን ቀን ከሚኒባሱ መስኮት ምን እንዳልሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላስታውስም።»

«'እማዬ፣ ገመዱ ላይ ያለውን ልብስ አስገቢው፣ ሊዘንብ ነው' አልሽኝ። እኔ ጅሏ ገብቼ ልብሱን አስገባሁ። ስወጣ መኪናው የለም።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ዝናቡም ሳይመጣ ቀረ።»

ከድጃ እጇን ከሻንጣው ላይ አነሳች። ሰይድ፣ ምስኪን፣ ክሱ ገና ያልተዘጋ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ። «እማ ሩቅያ፣ አውፍ በሉኝ። ያን ቀን ስቀርጽ አንቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ ነበር። ልጅቷ ወደቡ ላይ ስትቀር ፊታችሁን አየሁት። ምን እንዳለች አላወቅሁም። ከአፌ የወጣውን ተናገርኩ።»

«አንተ ሞኝ» አሉት፣ እንደ ልጃቸው። «የልጅቷ አፍ አንዴ ተከፍቶ ተዘጋ። የአንተ ቃል ግን ከዚህ እስከ ውርጌሳ ይደርሳል። ከልብህ እንደጨመርከው የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ ካወቃችሁ ለምን እስከ ዛሬ...»

«ደስ ስለሚል ነዋ!»

ከዚያ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሁላችንም የሸሸነውን፣ እኔ ምሳዬን ሰግቼ የዋጥኩትን ጥያቄ፣ እሳቸው እንደዋዛ አመጡት። «እንግዲህ ፊልሙን ተዉት። ከድጃ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?»

ከድጃ ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ እማዬ» አለች። «ደወልኩ፣ ማንጎው ጥሩ ነው አልሽኝ። መጣሁ፣ በር ላይ ገና ሳልገባ 'በረራሽ መቼ ነው?' አልሽኝ። ያለ እኔ ለምደሽ መስሎኝ።»

«ልጠይቅሽ ፈርቼ ነዋ የኔ አካል! እሄዳለሁ ካልሽኝስ ብዬ።»

«ልቅር?»

«ቅሪ!»

አለቀ። እንዲህ ናት ቃሏ። ሦስት ፊደል፣ ሁለት ፊደል፤ ሰይድ እንኳ ሊያረዝማት የማይችል። እሷን ለመናገር ያን ያህል ዓመት፣ ያን ያህል ባሕር፣ ያን ያህል የስልክ ካርድ ሄደ። ሐዋ እያለቀሰች የሻንጣውን ዚፕ ከፈተች። እኔም ዓይኔ ውስጥ የገባውን የዴክ አቧራ ለመጥረግ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሰይድ ቀድሞኝ ወጥቶ፣ እሱም አቧራ ገብቶበት፣ ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ! ፊልም ቢሆን ያልቅ ነበር። ነገር ግን ሕይወት ከፊልም የምትለየው መብራቱ ከበራ በኋላም ሰዎቹ አብረው መኖር ስላለባቸው ነው።

ከድጃ አልሄደችም። ያጠራቀመችውን አውጥታ መርሳ አስፋልቱ ዳር ጁስ ቤት ከፈተች። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ በየቀለሙ ደራርባ በረጅም ብርጭቆ ታቀርባለች፤ ከደሴ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ሳይቆም አያልፍም። ሰይድም ባጃጁን ከመናኸሪያው ይልቅ እዚያ በር ላይ ማቆም አብዝቷል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ባይም አልናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ጉዳይ ወደ ውርጌሳ ስሄድ ልጠይቃቸው መርሳ ላይ ወረድኩ። ከሩቅ ጩኸት ይሰማኛል። እማ ሩቅያ በአንድ እጃቸው ማንጎ ይዘው ጁስ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። «ይህን የመሰለ ማንጎ ይጨፈለቃል እንዴ? ጥርስ ለሌለው ሰው ነው እንዴ የምትሸጪው?» ይላሉ። ከድጃ ከውስጥ «እማዬ፣ ደንበኛ አለብኝ፣ ሂጂልኝ!» ትላለች። «ወንበሩንም እንደዚያ አታድርጊው አላልኩሽም?» «ጅዳ እንዲህ ነው የሚደረደረው!» «እንግዲያው ጅዳ ሄደሽ ደርድሪያ!»

ደንግጬ ቆምኩ። ሁለቱም እንዳልተባለ አለፉት። እንዲያውም ከድጃ እየሳቀች አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጁስ ሞልታ አመጣችልኝ።

እማ ሩቅያ ሸማቸውን አደላድለው ከጎኔ ተቀመጡ። ልጃቸው ጀርባዋን እስክትሰጥ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህሩ፣ ወልድያ ላይ ለእሷ የሚሆን ደህና ሥራ አይገኝም? ሩቅ አይሁን እንጂ... ትንሽ ራቅ ያለ።»

«እማዬ፣ ሰማሁሽ!» አለች ከድጃ ከማሽኑ ኋላ።

«ብትሰሚስ! እውነት ነው ያልኩት!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ፍረደን ማለታቸው ነው። እኔ ግን ተምሬአለሁ። ብርጭቆውን አንስቼ፣ አፌን በማንጎ ሞላሁት።